ሽሪምፕ፣ አዮዲንና ዓሣ፦ በልተን የማናውቀው ምግብ ለምን ሰውነታችንን ያስቆጣል?

ጥያቄ፦ «የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ በሜሪላንድ ግዛት በአንድ ሆቴል ማእድ ቤት እሠራለሁ። አገር ቤት እያለሁ ሽሪምፕ የሚባለውን ትንሽ የባሕር እንስሳ በዓይኔም አይቼ አላውቅም። ከሁለት ወር በፊት የሥራ ባልደረቦቼ ‹ቅመሺ› ብለውኝ ሦስት ፍሬ ያህል በላሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አፌን አሳከከኝ፣ ከንፈሬ አበጠ፣ ሰውነቴ በሽፍታ ተሸፈነ፣ አስመለሰኝ፣ ድምፄም ጎርነን አለ። ቤናድሪል ውጬ ተኛሁ፤ ጠዋት ደኅና ነበርኩ። አንዲት ጓደኛዬ ‹የአዮዲን አለርጂ ነው› አለችኝ፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ በደም ሥር መድኃኒት ተሰጥቶኝ ሲቲ ስካን ስለምነሣ ፈርቻለሁ። በጾም የምበላውን ዓሣም ተውኩ። እናቴ በስልክ ‹ትንሽ ትንሽ እየቀመስሽ ልመጂው› ትለኛለች። በልቼው የማላውቀው ምግብ እንዴት በመጀመሪያው ቀን ይጣላኛል? ሥራዬንስ ልተው? የአራት ዓመት ልጄንስ ልከልክለው?»

ምላሽ፦ በጥያቄዎ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ መታረም ያለበት «ቤናድሪል ውጬ ተኛሁ» የሚለው ነው። የደረሰብዎ ነገር ተራ ሽፍታ አልነበረም። ምግብ ከተበላ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ፣ ሆድና የመተንፈሻ አካል በአንድነት ሲታወኩ ሐኪሞች አናፊላክሲስ ይሉታል፤ የድምፅ መጎርነን ደግሞ እብጠቱ ወደ ማንቁርት መድረሱን ሊያመለክት ስለሚችል ከጠቀሷቸው ምልክቶች ሁሉ የሚያሳስበው እርሱ ነው። ቤናድሪልና መሰሎቹ አንቲሂስታሚኖች ማሳከክንና ሽፍታን ያስታግሣሉ እንጂ የጠበበውን የአየር መተላለፊያ አይከፍቱም፣ የወረደውንም የደም ግፊት አይመልሱም። በዚያ ላይ ቤናድሪል እንቅልፍ ስለሚያመጣ፣ ሕመሙ ቢባባስ ታማሚውም ሆነ አጠገቡ ያለ ሰው ሳያውቀው ሊቀር ይችላል። ጠዋት ደኅና ሆነው መነሣትዎ መድኃኒቱ እንዳዳነዎት አያረጋግጥም። እንዲህ ያለው መቆጣት ብዙ ጊዜ በራሱ ይበርዳል፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከበረደ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ይነሣል፣ አልፎ አልፎም ይገድላል፤ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ ከመነሻው መለየት አይቻልም።

«በመጀመሪያው ቀን እንዴት?» የሚለው ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም የምግብ አለርጂ የሚነሣው የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት አንድን ፕሮቲን ቀድሞ አውቆት፣ አይጂኢ የተባለውን አንቲቦዲ (ፕሮቲኑን ለይቶ የሚይዝ የመከላከያ ንጥረ ነገር) ካዘጋጀበት በኋላ ነው። ታዲያ ሽሪምፕን ሰውነትዎ ከየት አወቀው? የሽሪምፕ ዋነኛ አለርጂ ቀስቃሽ ትሮፖማዮሲን የሚባል የጡንቻ ፕሮቲን ነው። ይኸው ፕሮቲን እጅግ በተቀራረበ መልክ በበረሮ ውስጥ፣ እንዲሁም በፍራሽ፣ በትራስና በምንጣፍ ውስጥ በሚኖሩት በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮች ውስጥ ይገኛል። ወስፋት ሳይቀር ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ትሮፖማዮሲን አለው። ስለዚህ ለዓመታት የአቧራ ተባይና የበረሮ ብናኝ ሲተነፍስ የኖረ ሰው፣ ሽሪምፕ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ለሽሪምፕ የሚሠራ አንቲቦዲ በደሙ ሊይዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ይህን ለማጣራት የመረጠው፣ በሃይማኖታቸው ሥርዓት ምክንያት እንዲህ ያለውን የባሕር እንስሳ በልተው የማያውቁ ነገር ግን ለአቧራ ተባይ አለርጂ የሆኑ ኦርቶዶክስ አይሁዳውያንን ነበር፤ ከእነርሱም የአንዳንዶቹ ደም ለሽሪምፕ ትሮፖማዮሲን ምላሽ ሰጥቷል። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ እንስሳ የሚከለክለው የኦሪት ሕግ በእኛም ዘንድ ልማድ ሆኖ ስለኖረና አገራችንም ከባሕር የራቀች ስለሆነች፣ የጥናቱ ውጤት እንደ እርስዎ ላሉ ሰዎች በጣም ይቀርባል።

ሁለተኛ መንገድም አለ፤ በእርስዎ ሁኔታ ከመጀመሪያው ጋር ተደምሮ ሊሆን ይችላል። ማእድ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ሽሪምፕ ሲልጥ፣ ሲያጥብና ከሚፈላ ድስት አጠገብ ሲቆም፣ ፕሮቲኑ በተሰነጣጠቀ የእጅ ቆዳና በእንፋሎት በኩል ወደ ሰውነቱ ይገባል። ምግቡን አልበሉትም እንጂ ሰውነትዎ ሲተዋወቀው ቆይቷል። ዕድሜዎም ቢሆን እንግዳ ነገር አይደለም፤ የወተትና የዕንቁላል አለርጂ በአብዛኛው በሕፃንነት ጀምሮ ብዙዎችን ሲተዋቸው፣ የሽሪምፕና የመሰሎቹ አለርጂ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአዋቂነት ነው፣ አንዴ ከጀመረም አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሰፊ የአሜሪካ ጥናት ከአዋቂዎች 2.9 በመቶ ያህሉ ይህ አለርጂ እንዳለባቸው ገምቷል፤ በአገሪቱ አዋቂዎች ዘንድ ከምግብ አለርጂዎች ሁሉ ቀዳሚው ነው።

አዮዲን በዚህ ነገር ውስጥ የለበትም። የጓደኛዎ አባባል ከእርሷ የመጣ ሳይሆን በሐኪሞችና በነርሶች መካከል ሳይቀር ለአሥርት ዓመታት ሲወራ የኖረ ስሕተት ነው። አዮዲን ፕሮቲን አይደለም፤ የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራበት፣ ሰው ያለ እርሱ መኖር የማይችልበት ንጥረ ነገር ነው። እንቅርትን ለመከላከል ሲባል በኢትዮጵያ የገበታ ጨው አዮዲን እንዲቀላቀልበት የተደረገውም ለዚህ ነው። የአዮዲን አለርጂ ቢኖርብዎ ኖሮ ገና ድሮ ሽሮው ላይ የተነሰነሰው ጨው በጣለዎት ነበር። ስሕተቱ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1975 ከታተመ አንድ መረጃ ወዲህ ነው፤ ለራጅ ምርመራ በደም ሥር የሚሰጠው አዮዲን ያለበት መድኃኒት ካስቆጣቸው ሰዎች መካከል የተወሰኑት የባሕር ምግብ አለርጂ እንዳለባቸው ተናግረው ነበር፣ አንባቢዎችም ሁለቱን በአዮዲን አገናኟቸው። በዚያው መረጃ እንደ ወተትና ዕንቁላል ባሉ ምግቦች የሚቆጡ ሰዎችም በተቀራረበ መጠን መገኘታቸውን ግን ልብ ያለው ጥቂት ነው። ማንኛውም ዓይነት አለርጂ ያለበት ሰው በምርመራ መድኃኒቱ የመቆጣት ዕድሉ ከሌላው ሰው ጥቂት ከፍ ይላል፤ ሽሪምፕ በዚህ ረገድ ከኦቾሎኒ ወይም ከወተት የሚለይበት ነገር የለም። የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ መመሪያም በዚህ ምክንያት ብቻ ምርመራ እንዲቀር ወይም አስቀድሞ መከላከያ መድኃኒት እንዲሰጥ አያዝም። ስለዚህ ቀጠሮዎን አይሰርዙ። ለሚያነሡዎት ባለሙያዎች የደረሰብዎን ይንገሩ፤ ከዚያ በላይ ግን ከዚህ በፊት ይኸው የምርመራ መድኃኒት ተሰጥቶዎት አስቆጥቶዎት እንደሆነና ኩላሊትዎ ጤነኛ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማቸዋል። አስም ካለብዎም ይንገሯቸው።

ዓሣውንም ያለ ምክንያት ነው የተዉት። ዓሣና ሽሪምፕ ከአንድ ውኃ ይውጡ እንጂ የአለርጂ ዝምድና የላቸውም። ዓሣ የሚያስቆጣቸውን ሰዎች የሚያስቆጣቸው በአብዛኛው ፓርቫልቡሚን የተባለ ሌላ ፕሮቲን ነው፤ አንቲቦዲውም ሌላ ነው። አገር ቤት ቆሮሶ ወይም አምባዛ ሲበሉ ያደጉና አሜሪካም ከመጡ በኋላ ዓሣ በልተው አንዳች ያልሆኑ ሰው፣ ሽሪምፕ ስላስቆጣቸው ብቻ ዓሣን የሚተዉበት የሕክምና ምክንያት የለም። ጥንቃቄው ዓሣው የተገዛበትና የተጠበሰበት ቦታ ላይ ነው፤ በአንድ በረዶ ላይ ከሽሪምፕ ጋር ተደርድሮ የዋለ፣ በአንድ ቢላዋ የተቆረጠ ወይም በአንድ ዘይት የተጠበሰ ዓሣ የሽሪምፕን ፕሮቲን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ሙሉውን ወይም ታሽጎ የቀዘቀዘውን ገዝቶ ቤት ውስጥ መሥራት ይሻላል። እግረ መንገዴን፣ ብዙ ሰው «የጾም ነው» ብሎ ምግብ ቤት የሚያዘው የድንች ጥብስም ከሽሪምፑ ጋር ከአንድ ዘይት ሊወጣ ስለሚችል ሳይጠይቁ አይብሉት።

ለእርስዎ ሙሉ በሙሉ የተከለከሉት የሽሪምፕ የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ እነርሱም ሸርጣን፣ ሎብስተርና ክሬይፊሽ ናቸው። ትሮፖማዮሲናቸው እጅግ ስለሚመሳሰል አንዱ ያስቆጣውን ሰው ሌላውም የማስቆጣት ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ሜሪላንድ ደግሞ ሸርጣን በየበጋው በየግቢው የሚቀቀልባት ግዛት ናትና ግብዣው አይቀርልዎትም። በዛጎል ውስጥ የሚኖሩት እንደ ኦይስተር፣ ክላም፣ መስልና ስካሎፕ ያሉት፣ ስኩዊድና ኦክቶፐስም ጭምር፣ ሌላ ወገን ናቸው። ትሮፖማዮሲናቸው ከሽሪምፑ የራቀ በመሆኑ ሽሪምፕ የሚያስቆጣቸው ብዙ ሰዎች እነዚህን ያለ ችግር ይበላሉ፤ የማይችሉም አሉ። ይህን የሚለየው ምርመራ ነው፤ እስከዚያው አንዱንም አይቅመሱ።

ማብሰል አያድንም። ትሮፖማዮሲን ሙቀትን በሚገባ ስለሚቋቋም መቀቀልም ሆነ መጥበስ ኃይሉን አያጠፋውም፤ ለመርዝም ሆነ ለተሐዋስያን የምንታመንበት እሳት በዚህ ላይ አይሠራም። ሥራዎን በተመለከተ የምሰጠው ምላሽም ከዚሁ ይነሣል። ሽታው በራሱ አይጎዳዎትም፣ እንፋሎቱ ግን ፕሮቲኑን ተሸክሞ ወደ አየር ይወጣል። በሸርጣንና በሽሪምፕ ማቀነባበሪያ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ሰዎች ምግቡን ሳይቀምሱ ከእንፋሎቱ ብቻ አስም እንደሚይዛቸው የታወቀ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በየቤቱ ሩቢያን (በዚያ ሽሪምፕ የሚጠራበት ስም ነው) ሲልጡና ሲቀቅሉ የሚውሉ እኅቶቻችንም፣ እጃቸው ሲያሳክካቸው ወይም ማታ ማታ ሲያፍናቸው «ሳሙናው ነው፣ አየሩ ነው» ከማለት በፊት ይህን ሊያስቡ ይገባል። ጓንት እጅን ይከላከላል፣ ደረትን ግን አይከላከልም። ሥራዎን ይልቀቁ አልልም፤ ነገር ግን የሽሪምፕና የሸርጣን ዝግጅት፣ መጥበሻና መቀቀያ ካለበት ቦታ እንዲያዛውሩዎት ከሐኪም በተጻፈ ደብዳቤ ለአለቃዎ ያመልክቱ። ከዝውውሩ በኋላም ሥራ ላይ ሳል ወይም የደረት ሲር ሲር ማለት ከታየብዎ ግን ያ ማእድ ቤት ለእርስዎ አይሆንም። እጅዎን ሁልጊዜ በሳሙናና በውኃ ይታጠቡ፤ ለጀርም የሚቀባው ጄል ፕሮቲኑን ከእጅ አያስወግደውም።

ስለ ምርመራው ገደብም መናገር አለብኝ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ላይ ነው። በቆዳ ላይ የሚደረገው የመርፌ ጫፍ ምርመራና የደም አይጂኢ ምርመራ የሚያሳዩት አንቲቦዲ መኖሩን እንጂ ምግቡ መጉዳቱን አይደለም። ከላይ እንደጻፍኩት የአቧራ ተባይ አለርጂ ብቻውን ለሽሪምፕ የሚደረገውን ምርመራ አዎንታዊ ሊያደርገው ይችላል፤ ስለዚህ ምንም ሳይሆን ሽሪምፕ የሚበላ ሰው በወረቀት ላይ «አለርጂ አለብህ» ሊባል ይችላል። እርስዎ ግን ግልጽ ታሪክ ስላለዎት አዎንታዊ ውጤት ታሪኩን ያጸናዋል፤ አሉታዊ ቢሆን እንኳ በዚያ ተማምነው ቤትዎ ውስጥ አይሞክሩት። ጥርጣሬ ከቀረ የመጨረሻው መለያ በአለርጂ ሐኪም ዓይን ሥር፣ አስፈላጊው መድኃኒት ተዘጋጅቶ፣ ምግቡን ከጥቂቱ ጀምሮ እየጨመሩ መመገብ ነው። ሐኪሙ ሌሎች ምክንያቶችንም ያነሣልዎት ይሆናል፤ ሽሪምፕ እንዳይጠቁር የሚረጭበት ሰልፋይት የተባለ ኬሚካል አስም ያለበትን ሰው ሊያፍን ይችላል፣ በሚገባ ሳይቀዘቅዝ የቆየ ቱናና መሰል ዓሣም በተከማቸበት ሂስታሚን የተባለ ንጥረ ነገር የተነሣ አለርጂ የሚመስል የሰውነት ማቃጠልና የፊት መቅላት ያመጣል። የእርስዎ ታሪክ ግን ወደ እነዚህ አይመራም። በኢንተርኔት የሚሸጡትንና በአንድ ጠብታ ደም አርባና ሃምሳ ምግብ «ፈትሸናል» የሚሉትን መመርመሪያዎች ገንዘብዎን አያውጡባቸው።

የእናትዎ ምክር ከፍቅር የመጣ ነው፣ ቢፈጽሙት ግን ሊገድልዎት ይችላል። በጥቂት በጥቂቱ ማለማመድ የሚባል ሕክምና በእርግጥ አለ፤ ለኦቾሎኒ የተዘጋጀ አንድ ምርት እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አግኝቷል። ለሽሪምፕ ግን እንዲህ ያለ የተፈቀደ ምርት የለም፤ በአንዳንድ ሕክምና ማዕከላት የሚሞከረውም በሚሊግራም ተለክቶ በሐኪም ፊት እንጂ በድስት ተገምቶ አይደለም። የባለፈው መቆጣት መጠን የሚቀጥለውን አይተነብይም፤ በዚያ ላይ ምግቡን ተከትሎ የሚደረግ ከባድ እንቅስቃሴ፣ የአልኮል መጠጥና እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ቀላል ይሆን የነበረውን ከባድ ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ኦማሊዙማብ የተባለው መርፌ ለምግብ አለርጂ ተፈቅዷል፤ የሚጠቅመው ሳያውቁ የተበላ ጥቂት ምግብ የሚያመጣውን መቆጣት ለመቀነስ ነው፣ ምግቡን ለመብላት ነጻ አያወጣም። ለእርስዎ ይገባል አይገባም የሚለው ከሐኪምዎ ጋር የሚመከርበት ነው፤ ሽሪምፕ ብቻ ለሚያስቆጣውና በቀላሉ ሊርቀው ለሚችል ሰው ግን የመጀመሪያ ምርጫዬ አይሆንም።

መለያ ጽሑፍ ሲያነቡ አንድ የሕግ ክፍተት ይወቁ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2006 ጀምሮ የጸናው ሕግ በታሸጉ ምግቦች ላይ ሽሪምፕ፣ ሸርጣንና ሎብስተር በስማቸው እንዲጻፉ ያስገድዳል፤ ኦይስተርንና ወገኖቹን ግን ከአለርጂ ዝርዝሩ አላስገባቸውም። የአውሮፓ ኅብረት ሁለቱንም ወገኖች ከ14ቱ ዋና ዋና አለርጂ ቀስቃሾች ውስጥ ይቆጥራቸዋል። የአሜሪካው ሕግ የምግብ ቤት ሳህንን አይመለከትም፤ በዚያ የሚጠብቅዎት መጠየቅ ብቻ ነው። የታይላንድ ካሪ ውስጥ የሚገባው የሽሪምፕ ድልህ፣ የኮሪያው ኪምቺ፣ የኦይስተር ሶስ፣ ከዓሣ ተሠርቶ ሸርጣን ተብሎ የሚሸጠው ሱሪሚ፣ እነዚህ ሁሉ ከላይ የጠቀስናቸው የባሕር እንስሳት ሳይታሰቡ ሊገኙባቸው የሚችሉ ናቸው።

አሁን ማድረግ ያለብዎትን በማያሻማ ቃል ልጻፈው። የአለርጂ ሐኪም ቀጠሮ እስኪደርስ ሳይጠብቁ በዚህ ሳምንት የቤተሰብ ሐኪምዎ ዘንድ ሄደው ሁለት የኤፒነፍሪን (የአድሬናሊን) መርፌ፣ ማለትም የጠበበውን የአየር መተላለፊያ የሚከፍተውንና የወረደውን የደም ግፊት የሚመልሰውን መድኃኒት፣ ያስጽፉ፤ ክብደትዎ 30 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ስለሚሆን መጠኑ 0.3 ሚሊግራም ነው። መርፌ የሚያስፈራዎት ከሆነ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 የተፈቀደ በአፍንጫ የሚረጭ ኤፒነፍሪንም አለ። ሁለቱም መርፌዎች (ወይም ሁለቱም መርጫዎች) ዘወትር ከእርስዎ ጋር ይሁኑ፤ መኪና ውስጥ አይተዉአቸው፣ ሙቀትና ብርድ ያበላሻቸዋል። ዳግመኛ ቢደርስብዎ፣ ማለትም ከሽፍታው ጋር ማስመለስ፣ የድምፅ ለውጥ፣ ማፈን ወይም ራስን የመሳት ስሜት ቢመጣ፣ የኤፒነፍሪኑን መርፌ በልብስ ላይም ቢሆን በጭንዎ የውጭ ጎን ይውጉት፣ 911 ያስደውሉ፣ እግርዎን ከፍ አድርገው በጀርባዎ ይተኙ። መተንፈስ ካቃተዎት መቀመጥ ይችላሉ፣ ግን ተነሥተው አይራመዱ። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለዎት ሁለተኛውን ይውጉ። አንቲሂስታሚኑ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ዝንጅብልና ጤና አዳም ደግሞ በዚህ ሰዓት ጊዜ ከማባከን ውጭ ጥቅም የላቸውም። ቢሻልዎትም ሆስፒታል ሄደው ለሰዓታት ይቆዩ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ በተለይ ቤታ ብሎከር የሚባለውን ዓይነት፣ የኤፒነፍሪንን ሥራ ሊያዳክም ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ራስዎ ግን አያቋርጡት። አገር ቤት ለመሄድ ሲያስቡ መርፌዎቹን ከነመድኃኒት ማዘዣቸው በእጅ ሻንጣዎ ይያዙ፤ በኢትዮጵያ ኤፒነፍሪን በጤና ተቋማት በብልቃጥ ቢገኝም እንዲህ ለራስ መውጊያ የተዘጋጀውን ማግኘት ቀላል አይደለም።

ልጅዎን በተመለከተ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ለአለርጂ የመጋለጥ ዝንባሌ እንጂ የሽሪምፕ አለርጂ ራሱ አይደለም። ከዚህ በፊት በልቶት ምንም ካልሆነ አይከልክሉት፤ በቤትዎ ግን ስለ እርስዎ ሲባል ባይበስል ይመረጣል፣ ውጭ በልቶ ሲመጣም እጁንና አፉን በሳሙና አጥበው ይሳሙት። በልቶት የማያውቅ ከሆነና አስም ወይም የቆየ የቆዳ ችፌ ከሌለበት «ለማንኛውም» ተብሎ ደሙ እንዲመረመር አልመክርም፤ ምርመራው በሐሰት አዎንታዊ ሆኖ ልጁን ያለ ምክንያት ከምግብ ሊለየው ይችላል። አስም ወይም ችፌ ካለበት የራስዎን ቀጠሮ ሲይዙ የእርሱንም አብረው ይያዙ። ለዚያም ቀጠሮ ሽሪምፑን የበሉበትን ሰዓት፣ ምልክቶቹ የመጡበትን ቅደም ተከተል፣ በዚያ ቀን የወሰዱትን መድኃኒትና በሥራ ላይ ያስተዋሉትን የእጅ ማሳከክ ወይም ሳል በወረቀት ጽፈው ይሂዱ፤ ሐኪሙን ከማንኛውም የደም ምርመራ በላይ የሚረዳው ይህ ታሪክ ነው።